የባል ዕዳና አምስት መቶ የመዳብ ሰሌዳ

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ያለችውን መበለት ሁላችን እናውቃታለን። ባሏ ዕዳ ጥሎባት ሞቷል፤ አበዳሪው ልጆቿን በባርነት ሊወስድባት መጥቷል። ወደ ኤልሳዕ ስትጮኽ ነቢዩ ገንዘብ አውጥቶ አልሰጣትም፤ ቤቷ ውስጥ ምን እንዳለ ነበር የጠየቃት። የነበራት ጥቂት ዘይት ብቻ ነው። መፍትሔዋም ከዚያችው ከጥቂቷ ተጀመረ።

ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ሌላ ሴት አለች፤ በ18ኛው መቶ ዘመን በለንደን የኖረችው ኤልሳቤጥ ብላክዌል። ከእሷ መቶ ዓመት ያህል ቆይታ በአሜሪካ በሕክምና ዲግሪ የተመረቀችው የመጀመሪያዋ ሴት ስሟ ይኸው ስለሆነ ሁለቱን እንዳትደባልቋቸው። የእኛዋ ኤልሳቤጥ ሐኪም አልነበረችም፤ ሥዕል የምትሥል፣ የሣለችውንም በመዳብ ላይ ቀርጻ የምታሳትም ባለሙያ ነበረች። ባሏ አልሞተባትም፤ በዕዳ ታስሮባት ነበር። በቤቷ የነበራት የሠለጠነ እጅ ብቻ ነው። ያ እጅ የሚሠራውን ነገር ያገኘው ደግሞ በአንድ የመድኃኒት ዕፅዋት ማሳ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ባሏ ጥቂት መናገር ግድ ይላል። አሌክሳንደር ብላክዌል የአገልጋይ ልጅ ነበር። አባቱ በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና የማሪሻል ኮሌጅ ኃላፊ ነበሩ። ልጁ ላቲንና ግሪክ በሚገባ ተምሯል፤ ጭንቅላትም ነበረው። ያልነበረው ትዕግሥት ነው። ወደ ለንደን መጥቶ በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው ለዓመታት ከባለሙያ ሥር ተቀጥሮ ሙያውን ሳይማር የራሱን ሥራ መክፈት አይፈቀድለትም ነበር። ነባሮቹ አታሚዎች ከሰሱት፤ ቅጣቱና ብድሩ ተደራርቦ ከሰረ፤ ወኅኒ ወረደ።

የዚያ ዘመን የእንግሊዝ የዕዳ እስር ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ባለዕዳው እስኪከፍል ድረስ ይታሰራል፤ ታስሮ ግን ሠርቶ ሊከፍል አይችልም። በእኛም አገር ባለዕዳና አበዳሪ በቁራኛ ይታሰሩ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ቢያንስ በእኛው ልማድ አበዳሪው ራሱም አብሮ ስለሚታሰር ጉዳዩ እንዲያልቅ ይቸኩላል። በለንደን ግን አበዳሪው ቤቱ ተኝቶ ያድራል። ስለዚህ የእስረኛው ዕጣ በውጭ ባለ ሰው እጅ ነው። አሌክሳንደር በውጭ የነበረው ሰው ሚስቱ ናት።

ኤልሳቤጥ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች አዲስ የዕፅዋት መጽሐፍ እንደሚፈልጉ ሰማች። ፍላጎቱ የቅንጦት አልነበረም። የዚያ ዘመን መድኃኒት በአብዛኛው ከቅጠል፣ ከሥርና ከቅርፊት ይቀመም ስለነበር፣ ቅጠል ለይቶ የማያውቅ ቀማሚ ሰው ይገድላል። ሶቅራጥስ የጠጣው ሄምሎክ የተባለው መርዝ ለምሳሌ ላልለመደ ዓይን ወጥ ውስጥ ከሚገባ ቅጠል ብዙም የሚለይ አይደለም። በዚያ ላይ ከአሜሪካና ከእስያ በመርከብ የሚመጡ፣ በድሮዎቹ መጻሕፍት ያልተሣሉ ተክሎች ነበሩ። ሁሉንም ከሕይወት አይቶ በትክክል የሚሥል ሰው ያስፈልግ ነበር።

ተክሎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ስፍራ ደግሞ ቅርብ ነበር። በቴምዝ ወንዝ ዳር በቼልሲ፣ የለንደን መድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር በ1673 የመሠረተው የመድኃኒት ዕፅዋት አትክልት ስፍራ አለ። የተተከለው ለመንሸራሸሪያ አይደለም። ሙያውን የሚማሩ ወጣቶች በመደቦቹ መካከል እየተዘዋወሩ ይህ ምንድር ነው፣ ያኛውስ በምን ይለያል እየተባሉ የሚፈተኑበት ነው። በ1722 ሰር ሃንስ ስሎን የተባለው ታዋቂ ሐኪም መሬቱን በዓመት በ5 ፓውንድ ኪራይ ለዘለቄታው ለማኅበሩ ለቀቀለት፤ በምላሹ በየዓመቱ 50 የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ለሮያል ሶሳይቲ፣ ማለትም ለሳይንስ ማኅበሩ፣ እንዲቀርቡ ግዴታ አስገባ። ይህ ስሎን በኋላ የብሪቲሽ ሙዚየም መነሻ የሆነውን ስብስብ የተወ ሰው ነው። ከሀብቱ ከፊሉ በጃማይካ በባሮች ጉልበት ከሚለማ የሸንኮራ እርሻ ይመጣ እንደነበርም መዘንጋት የለብንም። ታሪክ ስንጽፍ የአትክልቱን ውበት ብቻ አውስተን ይህን ብንዘልል ለማንም አይጠቅምም።

ኤልሳቤጥ የመጀመሪያ ሥዕሎቿን ይዛ ሄደች። ስሎንና ሪቻርድ ሚድ የተባለው ሐኪም ወደዱላት። የአትክልት ስፍራው ኃላፊ አይዛክ ራንድም ሥራውን ደግፎ፣ ተክሎቹን በትኩስነታቸው ማግኘት እንድትችል በአጠገቡ ቤት እንድትከራይ መከራት። እሷም ስዋን ዎክ በሚባለው፣ ከአጥሩ አጠገብ ባለው መንገድ ላይ ተከራየች። ከዚያ በኋላ ሕይወቷ በሁለት ስፍራዎች መካከል መመላለስ ሆነ፤ አትክልቱና ወኅኒው።

አሁን ወደ ሥራዋ እንግባ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ከሁሉ ይልቅ እሱ ነው።

በመዳብ ላይ የተቀረጸ ሥዕል እንዴት እንደሚታተም ላላየ ሰው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ተክሉ በወረቀት ላይ ይሣላል። ቀጥሎ ሥዕሉ ለስልሶ በተዘጋጀ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይገለበጣል፤ መስመሩ ሁሉ ሹል በሆነ የብረት መቅረጫ ወይም በአሲድ እየተበላ ወደ ውስጥ ይቦረቦራል። ቀለም በሰሌዳው ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያም ላይ ላዩ ይወለወላል፤ ቀለሙ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በሁለት ከባድ ጥቅሎች መካከል ሲያልፍ ወረቀቱ ከመስመሩ ውስጥ ቀለሙን መጥጦ ያወጣል። በሰሌዳው ላይ በስተቀኝ ያለው በወረቀቱ ላይ በስተግራ ይወጣልና፣ ቀራጩ ሁሉን በግልባጩ ማሰብ አለበት። ስለ ተክሎቹ የሚያስረዳው ጽሑፍም በመዳብ ላይ ነው የተቀረጸው፤ ያም ማለት ፊደሉ አንድ በአንድ ከኋላ ወደ ፊት ተጽፏል ማለት ነው። እስቲ ስማችሁን በመስተዋት ብቻ በሚነበብ አኳኋን ለመጻፍ ሞክሩ። ከዚያም በመዳብ ላይ ስሕተትን በላጲስ ማጥፋት እንደማይቻል አስቡ።

ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ገና ጥቁርና ነጭ ነው። ባለቀለም ለሚፈልግ ገዢ እያንዳንዱ ቅጂ በብሩሽ በእጅ ይቀባል። በዚያ ዘመን እነዚህ ሦስት ሥራዎች የሦስት የተለያዩ ሰዎች ሙያ ነበሩ፤ ሠዓሊው ይሥላል፣ ቀራጩ ይቀርጻል፣ ቀለም ቀቢው ይቀባል። ኤልሳቤጥ ለሦስቱ የምትከፍለው ገንዘብ አልነበራትም፤ ሦስቱንም ራሷ ሠራች። በሰሌዳዎቿ ግርጌ ከስሟ ጋር የሣለችውም፣ የቀረጸችውም፣ የቀባችውም እሷ መሆኗን የሚያመለክቱ አጫጭር የላቲን ቃላት ተቀርጸዋል። ለኩራት አይመስለኝም። አንድ ሠራተኛ የሠራውን በትክክል መመዝገቡ ነው።

መጽሐፉ በአንድ ጊዜ አልወጣም። በየሳምንቱ አራት ሥዕሎች ከነማብራሪያቸው ይታተሙና ይሸጡ ነበር፤ 125 ሳምንታት፣ 500 ሰሌዳዎች። ከ1737 እስከ 1739 ድረስ ማለት ነው። በሁለት ጥራዝ ተጠናቀቀ። የሐኪሞች ኮሌጅ በጽሑፍ መሰከረለት። ማብራሪያውን በአብዛኛው የወሰደችው በ1722 ከታተመው ከጆሴፍ ሚለር የመድኃኒት መጽሐፍ ነው፤ በፈቃዱ አሳጥራ ተጠቀመችበት። የተክሎቹን ስም በላቲን፣ በግሪክና በሌሎች ቋንቋዎች የሚያዘጋጅላት ግን እስረኛው ባሏ ነበር። ሥዕሎቿን ይዛለት ትሄዳለች፤ እሱ በወኅኒ ተቀምጦ ስማቸውን ይጽፋል። የአበርዲን ትምህርቱ በመጨረሻ ጥቅም ላይ የዋለው እዚያ ነው።

በኅብረቶቻችን ውስጥ «ስነካ ብቻ ነው የምጽፈው» የሚል ወንድም ወይም እህት አይጠፋም። አባባሉን አልንቅም፤ እኔም የተነካሁባቸው ምሽቶች አሉ። ነገር ግን በየሳምንቱ አራት ሰሌዳ ማስረከብ ያለበት ሰው እስኪነካ አይጠብቅም። ኤልሳቤጥ በዚያ አትክልት ውስጥ ያገኘችው ነገር ድንገተኛ የልብ ሙቀት ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት ያልቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። አትክልቱ የሰጣት ሌላ ነው፤ ጠዋት ሄዳ የምታየው ነገር ሰጣት። ዛሬ ያበበው ከሳምንት በኋላ ይረግፋል፤ ፍሬውን ለማየት ደግሞ መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥዕሎቿ ውስጥ አንድ ተክል ብዙ ጊዜ ከነሥሩ፣ ከነቅጠሉና ከነአበባው ይታያል፤ አበባው፣ ፍሬውና ዘሩ ደግሞ ለብቻ ተነጥለው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተሥለዋል። በሕይወት ውስጥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን በአንድ ግንድ ላይ አይገኙም። ያ ወረቀት የብዙ ቀናት ማየት የተጠራቀመበት ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 31 ላይ ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ ሲባል የተሰጠው ነገር ድንጋይ የመቅረጽና እንጨት የመጥረብ ብልሃት መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መንፈሱ ከመዶሻው አላሰናበተውም።

የመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ምን አለ ብትሉ፣ ጽጌረዳ ወይም ሱፍ አበባ ወይም ከሩቅ የመጣ ብርቅ ተክል አይደለም። ዳንዴሊዮን ነው፤ በየሜዳውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ ቢጫ አበባው ሲያረጅ ክብ ነጭ ጥጥ የሚሆንና ልጆች እፍ እያሉ የሚበትኑት አረም። ቀማሚዎች ስለሚፈልጉት በ1 ቁጥር ተሣለ። ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በዚያ ዘመን እንግሊዛውያን «የፍቅር ፖም» ይሉት የነበረው ቲማቲም አለ፤ ሻይ አለ፤ የቸኮሌት ፍሬ አለ። ቡናም አለ። የለንደን ቡና ቤቶች በዚያን ጊዜ በነጋዴና በደራሲ የተሞሉ ነበሩ፤ ይጠጡት የነበረው ግን የዐረቦች ተክል ነው ብለው ነበር፤ በ1753 ሊኔየስም ሳይንሳዊ ስሙን ሲያወጣ ለዐረቢያ ሰጠው። ከካፋና ከአካባቢው ደን የወጣ የእኛ ተክል በቼልሲ በምትኖር ሴት እጅ በመዳብ ላይ መቀረጹን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ስሙ ቢሳሳትም ቅጠሉ አልተሳሳተም።

ገንዘቡ ተገኘ። መጽሐፉ ተሸጠ፤ ዕዳው ተከፈለ፤ አሌክሳንደር ተፈታ።

ሥራው ስለ ተወደደ የሚቀዳውም ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠዓሊው በዊልያም ሆጋርዝና በባልንጀሮቹ ጥያቄ፣ በመዳብ የተቀረጸ ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለ14 ዓመት እንዳይቀዳ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ በ1735 ሥራ ላይ ውሎ ነበር። የኤልሳቤጥ ሥዕሎች ሲቀዱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ1740 ሎርድ ሀርድዊክ በተባለው ዳኛ ፊት ታየ። የተከሳሹ ወገን ያቀረበው መከራከሪያ ከቆምንበት ጉዳይ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው፤ ሕጉ ሠዓሊ ከራሱ አእምሮ ለፈጠረው እንጂ በተፈጥሮ ያለውን ነገር አይቶ ለገለበጠ አይሆንም የሚል ነው። ተክል ሁሉም ሰው ያየዋል፤ እሷ ምን ፈጠረች? ዳኛው ግን ይህን አልተቀበለም። እግዚአብሔር የሠራውን ግንድና ዘር በትክክል ለማሳየት የተደከመበት ሥዕልም የሠዓሊው ሥራ ነው፤ ጥበቃውም ይገባዋል። እኔ ይህን ፍርድ ለወጣት ጸሐፊዎች ሁሉ ባስነብብ እወዳለሁ። አዲስ ነገር ካልፈጠርሁ አልጽፍም ብሎ ብዕሩን የሚጥል ብዙ ነውና።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ለስብከት ምሳሌ እጅግ ያመች ነበር። ታማኝ ሚስት፣ የተከፈለ ዕዳ፣ የተከፈተ የወኅኒ በር። አንዳንዶች በእርግጥ እዚህ ላይ ያቆሙታል። ሐቁ ግን ይቀጥላል።

አሌክሳንደር በ1741 ቀዝቃዛና ውኃ የሚያቁር የሸክላ መሬትን ስለማሻሻል አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ቀጥሎ ወደ ስዊድን ሄደ፤ ሚስቱ በለንደን ቀረች። በዚያም እንደ ሐኪምም እንደ እርሻ አዋቂም ሆኖ በንጉሡ በቀዳማዊ ፍሬድሪክ ዘንድ ተወደደ። ነገር ግን በቤተ መንግሥት ጉዳይ ገባ፤ የዙፋኑን ወራሽነት ለማዛወር አሢሯል ተብሎ ተከሰሰና በ1747 በስቶክሆልም አንገቱን ተቀላ። ሲቀላም አንገቱን በግንዱ ላይ በተሳሳተ አኳኋን አጋድሞ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት የመጀመሪያው ስለሆነ ይቅርታ እንደጠየቀ ይተረካል። ቀልዱ አስቆኝ አያውቅም። ከስምንት ዓመት በፊት ያን አንገት ከዕዳ ቀንበር ያወጡት 500 ሰሌዳዎች ትዝ ይሉኛል።

እንግዲህ ድካሟ ከንቱ ሆነ ልንል ነው? አንዳንድ ጊዜ ስለ ኤልሳቤጥ የተጻፉትን ሳነብ የምቆጨው በዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ታሪኳ የሚነገረው በባሏ ታሪክ ውስጥ ነበር፤ እሱ የዕዳው ባለቤት፣ እሱ የወኅኒው ሰው፣ እሱ የስቶክሆልሙ ሟች፤ እሷ ደግሞ በመሐል ገብታ ያዳነችው ታጋሽ ሚስት። ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ የአናሲሞስን ዕዳ በራሱ ላይ እንዲቆጠር እንደ ጠየቀ፣ እሷም የሌላ ሰው ዕዳ በራሷ ላይ እንዲቆጠር ፈቅዳለች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልናሳንሰው አይገባም። ነገር ግን አናሲሞስ በመልካም ሁኔታ እንደ ተመለሰ እናስባለን፤ አሌክሳንደር አልተመለሰም። እሷ ዕዳውን መክፈል ቻለች፤ ሰውየውን መለወጥ ግን በእሷ እጅ አልነበረም። እህቶቻችንን «አንቺ ከታገሥሽ ይለወጣል» እያልን የምንመክር ሰዎች ይህን የታሪክ ክፍል ቆርጠን ባንጥለው ጥሩ ነው። ሥራዋ የሚመዘነው ባሏ በኋላ በሆነው ነገር ከሆነ ከስራለች። በሥራው ራሱ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ቀማሚ የኤልሳቤጥን ወረቀት በእጁ ይዞ መርዙን ከመድኃኒቱ ለይቶ ከሆነ፣ ያ ሰው አሌክሳንደር የሚባል ሰው መኖሩን ማወቅ አላስፈለገውም።

በእርግጥም መጽሐፉ ከባሏ ተለይቶ የራሱን መንገድ ሄደ። በጀርመን አገር በኑርንበርግ ክሪስቶፍ ያኮብ ትሬው የተባለ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ሥዕሎቿን እንደገና አስቀርጾ፣ ጉድለት ያየበትን አርሞና አስፍቶ፣ በላቲንና በጀርመንኛ ማሳተም ጀመረ። ሥራው ሲጠናቀቅ 1773 ሆኗል፤ ትሬው ራሱ ከሞተ አራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሰሌዳዎቹ 600 ደርሰዋል። ትሬው ያን ያህል ገንዘብና ዓመታት ካፈሰሰበት በኋላ መጽሐፉን በራሱ ስም ሊጠራው ይችል ነበር፤ የርዕሱን ስም ግን ከብላክዌል ወሰደ።

ኤልሳቤጥ ይህን መጨረሻ አላየችም። በ1758 ሞተች፤ የተቀበረችውም በዚያው በቼልሲ ነው። የመድኃኒት ዕፅዋቱ አትክልት ስፍራ ግን ዛሬም በቦታው አለ፤ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ለባለሙያዎች ብቻ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ1983 ለሕዝብ ተከፈተ። ስዋን ዎክም በአጥሩ ጎን እንደ ድሮው ያልፋል። ዳንዴሊዮኑ በየአትክልት ቦታው እንደ አረም መነቀሉን አልተወም፤ በእሷ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ ከነሥሩ ተሥሎ በ1 ቁጥር ተቀምጧል።